ሦስተኛው በሞቴ

ጎልፍ የጀመርኩት ታዝዞልኝ ነው። ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ዱላ ይዤ ሜዳ ለሜዳ ነጭ ኳስ ማባረር አምሮኝ አይደለም። የጤና ጣቢያው ሣጥን ውስጥ እጄን አስገባሁ፤ ሣጥኑ ትንሽ ቆየና "ትከሻዎ ደርቋል፤ ከሰው ጋር የሚያሳልፉት ጊዜም ከዝቅተኛው መጠን በታች ነው" አለኝ። ለሁለቱም አንድ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ በሰው የሚሰጥ የጎልፍ ትምህርት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። "ይቀበላሉ?" ሲል ጠየቀኝ። "ኧረ እኔ ምን ልሁን ብዬ" ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከሣጥን ጋር ይሉኝታ የለኝም። እቀበላለሁ አልኩት።

ሜዳው የድሮው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አውሮፕላኖቹ ወደ ቢሾፍቱ ከሄዱ ወዲህ ማኮብኮቢያው ላይ አፈር ተደፍቶ ሣር በቅሎበታል። ከመርዘሙ የተነሳ ወዲያ ጫፍ የቆመ ሰው ጉንዳን ነው የሚያክለው። ተማሪዎቹ ተራርቀው ይቆማሉ፤ በእያንዳንዱ ፊት ግንድ የመሰለ ማሽን አሰልጣኝ ሆኖ ተተክሏል። "ቀኝ ጉልበት ዝቅ። መልካም። ቀኝ ጉልበት ዝቅ። መልካም" ይላል ግንዱ ቀኑን ሙሉ። ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር የሚሰማው እኔ በተመደብኩበት ጥግ ብቻ ነበር።

አሰልጣኜ ሶልያና ትባላለች። ናይሮቢና ኪጋሊ ተወዳድራ ያሸነፈች ባለሙያ ነች፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ አምስት ይሆናል፣ ከቆቧ በታች ያለው ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል። የመጀመሪያው ሐሙስ ዱላ አያያዜን ዞር ብላ አየችና "ጋሼ፣ ይሄ የገና ጨዋታ አይደለም" አለችኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ቆመች። "ክንድዎን ልያዝ?"

"ኧረ አት..." ብዬ ዋጥኩት። ቢያመልጠኝ ኖሮ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ከሩቅ ሆና በቃል ብቻ ታስተምረኝ ነበር። "ያዢ" አልኳት።

እጇ የሻከረ ነው፣ የሠራተኛ እጅ። ባለቤቴ ብሌን ከተቀበረች ወዲህ ክንዴን የያዘ ሰው አልነበረም። ይህን ስናገር አላፍርም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ፀሐዩ ነው አልኳት። እሷም ቆብ ይዘው ይምጡ አለችኝ።

የአንድ ቃል ደንብ ሲወጣ እኛም ጮቤ ረግጠን ነበር። ሰው በጥያቄ ብዛት ተማርሮ ነበራ። ስልኩ ይጠይቅሃል፣ ሻጩ ይጠይቅሃል፣ ዘመድ ይጠይቅሃል፤ እምቢ ያልከው ሁሉ በማግስቱ ተመልሶ በር ያንኳኳል። ደንቡ መጣና አንድ ጊዜ ጠይቅ፣ አንድ ጊዜ መልስ አለ። እምቢ የተባለ ጉዳይ በዚያው ሰው ላይ ዳግም አይነሳም። ይህን የሚጠብቀው በየጆሯችን ውስጥ የተቀመጠው ምስክር ነው። እምቢታ ሲሰማ "ጢቅ" ይላል፤ ተዘጋ ማለት ነው። ያንኑ ሁለተኛ የጠየቀ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ሦስተኛ የጠየቀ የአንድ ዓመት መራራቅ ይጣልበታል፤ ሁለቱን ሰዎች አንድ አውቶቡስ እንኳ አያሳፍራቸውም። ዓመቱ ሲሞላ በመካከላቸው የተመዘገበው ሁሉ ይሰረዝና ጨርሶ እንዳልተዋወቁ ሆነው እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

ማንም ያላሰበው እኛን ነው። እኛ እኮ መጀመሪያ እምቢ በሉ ተብለን ነው ያደግነው። ሰው ቤት ሄዶ በመጀመሪያው "ብሉ" እጁን የሚሰድ ልጅ እቤቱ ሲመለስ ይቆነጠጥ ነበር። ደንቡ በጸና ሰሞን አንድ ሠርግ ላይ አስተናጋጇ "ይጨመር?" አለችኝ፤ ገና ሁለት ጉርሻ ነው የበላሁት። "ኧረ ይበቃኛል" አልኩ። ጢቅ። ሳህኑ ከፊቴ ተነሳ። ዙሪያዬን ሳይ እኩዮቼ ሁሉ ባዶ ጠረጴዛ ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። የዚያን ዓመት ቀበቶ ያላጠበቀ ሽማግሌ አልነበረም። ልጆቹ ደግሞ አይራቡም፤ ሲፈልጉ እሺ፣ ሳይፈልጉ እምቢ ይላሉ። ቀንቼባቸዋለሁ፣ አልዋሽም።

ሳህንስ ይነሳ። ከብሌን አርባ በኋላ አብሮ አደጌ ኪሩቤል "እሑድ እሑድ ለምን እኔ ጋ ምሳ አትበላም?" አለኝ። "ኧረ ተወኝ፣ እኔ ምን እሆናለሁ" አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጢቅ። እሱ አየኝ፣ እኔም አየሁት። እምቢታዬ እሺ ለማለት መንደርደሪያ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን ማስጠንቀቂያውን ፈራ። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ "እሑድ ልምጣ ወይ?" ማለት አቃተኝ። እንዲሁ ከሩቅ ስንተያይ ከርመን ባለፈው ክረምት ቀበርኩት። እሑድ አሁንም ብቻዬን ነው የምበላው።

ወደ ጎልፉ ልመለስ። የእኔ ጣጣ አንድ ብቻ ነበር። አቋቋሜ ተስተካከለ፣ አያያዜም ተስተካከለ፤ ክንዴ ግን ኳሷን እንደነካ ይቆማል። ሶልያና ዱላዬን ይዛ ከትከሻዬ በላይ ዞሮ ጀርባዬ ላይ እስኪያርፍ እያዞረች ታሳየኛለች። "ኳሷን ከመቱ በኋላ ይልቀቁት፣ ይሂድ። ምቱ እዚህ ነው የሚያልቀው። እርስዎ ግን ገና ሲነኳት ይይዙታል። ማንን ፈርተው ነው?"

"ሣሩ እንዳይጎዳ ብዬ ነው።"

"ሣሩን ለእኔ ይተዉት" አለች። "ኳስ እየመቱ ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው እርስዎን ብቻ ነው ያየሁት።"

ቀለድኩና ሳቀች፣ ቀለደችና ሳቅሁ፤ እንዲህ እያልን ጥቂት ሐሙሶች ሄዱ። ከዚያ አንድ ቀን ዱላዎቹን እየሰበሰበች፣ አየት አድርጋኝ፣ "ጋሽ ያፌት፣ ሻይ እንጠጣ?" አለች። በድሮው ተርሚናል ጥግ፣ መስታወቱ ሥር፣ የሻይ ሣጥን አለ። ሳምንቱን ሙሉ የምመኘው ይህንኑ ነበር። ሐሙስ አልቆ ዓርብ ሲሆን፣ ቅዳሜ ሲሆን፣ ቤቴ ውስጥ ያለው ድምፅ የማቀዝቀዣው ብቻ ነው። ታዲያ አፌ ምን አለ ብትሉ ጥሩ ነው?

"ኧረ አላስቸግርሽም።"

ጢቅ አለ። ከእኔም ጆሮ፣ ከእሷም ጆሮ። "እሺ ጋሼ፣ ሐሙስ እንገናኝ" አለችና ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። እኔ እዚያው ሣሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ራሴን በጥፊ ብመታ ደስ ባለኝ።

ከዚያ በኋላ እሷ ልትጠይቀኝ አትችልም፤ ባለ ፈቃድ ባለሙያ ናት፣ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጀራዋን ያሳጣታል። እኔ ግን ልጠይቃት እችላለሁ፤ ደንቡ አይከለክለኝም። አንድ ጊዜ። እምቢ ካለች ግን አለቀ። ይቺን አንድ ጊዜ ይዤ እንደ ሰነፍ ተማሪ ሐሙስን ከሐሙስ አሳደርኳት። ዛሬ ደክሟታል እላለሁ፣ ዛሬ ደመና ነው እላለሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ የምንገናኝበት ሰበብ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ትምህርቱ የሚያልቀው ደግሞ ክንዴ የተስተካከለ ዕለት ነው።

መጠየቁ ሲያቅተኝ ወሬ ጀመርኩ። በእረፍታችን የድሮውን ሥርዓት እነግራታለሁ፤ ነገሩ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ልቤ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ያን ቀን እምቢ ያልኩት እምቢ ብዬ እንዳልሆነ እንድታውቅልኝ ነው። "የመጀመሪያው ላይ" አልኳት፣ "አንገትሽን ሰበር አድርገሽ 'አሁን ነው የጠጣሁት' ትያለሽ። ባትጠጪም ነው። ሁለተኛው ላይ 'ይቅር፣ አይቸገሩብኝ' ነው። ያኔ ባለቤቱ በሞቴ፣ አፈር ስሆን ይላል። ሦስተኛው ላይ እሺ ትያለሽ።"

"ሁለተኛው ላይ እሺ ብልስ?"

"ሆዳም ናት ይሉሻል።"

ሳቋን ለቀቀችው። አንገቴን እንዴት እንደሰበርኩ ደግሜ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት፣ እሷም ሞከረችው። ከዚያ ሳቋን አቆመችና "ታዲያ ያን ቀን..." ብላ ጀመረች። ጆሮዋን ነካ አደረገችና አቋረጠችው። ብትቀጥል እንደ ሁለተኛ ጥያቄ ይቆጠርባታል። እኔም ሣር ነጨሁ።

"አሁን ማንም አይጠይቅም፣ ጋሼ" አለች ቆይታ። "አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ማን ይደፍራል? እኔ እዚህ ስንት ሰው አስተምሬያለሁ። ምታቸው ሲስተካከል አመስግነውኝ ይሄዳሉ። ማታ ክፍሌ ገብቼ በሩ ሲዘጋ እስከ ጠዋት ድምፄን የምሰማው ስስል ነው።" ይህን ያለችው ኳስ እየጠረገች ነው፤ ቀና አላለችም።

የመጨረሻው ሐሙስ ሲመጣ መጨረሻ መሆኑን አላወቅኩም። ነፋስ አልነበረም። ቆምኩ፣ አነሳሁ፣ መታሁ። ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም፤ ምናልባት ምንም አላሰብኩም። ዱላው ኳሷን አልፎ፣ ትከሻዬን አልፎ፣ ዞሮ ጀርባዬ ላይ አረፈ። ኳሷ የድሮውን መቆጣጠሪያ ማማ ከፍታ ተስተካክላ ወጣችና ሩቅ ሄዳ ወደቀች። ሶልያና አጨበጨበች። ወዲያው ምስክር በጆሯችን "ክንዱ ተስተካክሏል። ትምህርቱ ተጠናቋል። እንኳን ደስ አለዎት" አለ። እጆቿ እንደተገጣጠሙ ቀሩ።

ዱላዎቹን ሰበሰበች፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ። እኔ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። እንግዲህ ዛሬ ካልሆነ መቼ ነው አልኩ ለራሴ።

"ሶልያና፣ ሻይ እንጠጣ?"

መሬት መሬት አየች። "ኧረ ጋሼ፣ አሁን ነው የጠጣሁት።"

ጢቅ።

ምን ይባላል? እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ሁኚ አልኳትና ዞርኩ። ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። አንድ ጥያቄ ነበረችኝ፣ ጠየቅኳት፣ መልሱን ሰማሁ። የዛሬ ሰው ሲፈልግ እሺ፣ ሳይፈልግ እምቢ ይላል ብዬ የተናገርኩት እኔው ነኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ሐሙስን እንዴት እንደማሳልፍ ማሰብ ጀመርኩ። አልመጣልኝም።

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። "ይሳፈራሉ?"

አንድ እግሬን አንስቻለሁ። ያኔ ነው የታወሰኝ። ከሰዓቱን ሙሉ አብራኝ ነበረች፤ ሻይ ቀርቶ ውኃ በአፏ አልዞረም። ደግሞ አንገቷ። አንገቷን ሰበር አድርጋለች እኮ፤ እኔ እንዳሳየኋት፣ ወደ ግራ።

"አልሳፈርም" አልኩ። ጢቅ አለና በሩ ተዘጋ።

በዚህ ጉልበቴ መሮጥ አልችልም፤ የሄድኩበትን አካሄድ ግን ሩጫ ብዬ ልጥራው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ግንዶቹ ጠፍተዋል፣ ተማሪዎቹ ሄደዋል። ሶልያና እዚያው ጥጋችን ላይ ጎንበስ ቀና ትላለች፤ ኳስ የምትለቅም መስላ። ቅርጫቷ ሞልቷል፤ ሣሩ ላይ የቀረ ኳስ አልነበረም።

"ሶልያና።"

"አቤት ጋሼ።"

"ሻይ ጠጪ። በሞቴ።"

ምስክር ድምፁን ከፍ አደረገ። "ማስጠንቀቂያ። ይህ ጉዳይ ተዘግቷል።"

በሁለት እጇ ቅርጫቱን አቅፋ ቆመች። "ጋሼ፣ ይቅር። አይቸገሩብኝ።"

ያስተማርኳትን እየተናገረች ይሁን ለእኔ ፈርታ እየለመነችኝ ይሁን መለየት አልቻልኩም። ቃሉ አንድ ነው። ጢቅ አለ፣ ቀጥሎም ያ የተረጋጋ ድምፅ "ሦስተኛ ከጠየቁ የአንድ ዓመት መራራቅ ይጸናል። ይቀጥላሉ?" አለኝ። ኪሩቤል በዓይኔ መጣ፤ የዚያን ቀን በሬ ላይ ቆሞ፣ አፉ ተከፍቶ። እሱም እንዲሁ ፈርቶ ነው የቆመው። ክንዴ ኳሷን ነክቶ ሲይዝ የሚሰማኝ ነገር ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ዓመት ብዙ ነው በእኔ ዕድሜ። ብተወው ግን ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቀራል፤ ለዓመት ሳይሆን ለሁልጊዜ።

"እቀጥላለሁ" አልኩት ምስክርን። ወደ እሷ ዞሬ፣ "አፈር ስሆን ሶልያና፣ በሞቴ፣ ሻይ ጠጪልኝ።"

"እሺ" አለች። ሳልጨርስ ነው ያለችው።

"የአንድ ዓመት መራራቅ ከነገ ንጋት ጀምሮ ይጸናል" አለ ምስክር። "መልካም ምሽት።"

ሻዩ ውኃ ውኃ ይላል። መስታወቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠጣነው። ስለ ኪጋሊ ነገረችኝ፣ ስለ እናቷ ነገረችኝ፤ እኔ ስለ ብሌን ነገርኳት፣ ሳቋ ከደረጃ በታች ይሰማ እንደነበር። እንዲህ ያለ ወሬ ካወራሁ ቆይቻለሁ፤ መንጋጋዬን አመመኝ።

"ሁለተኛው ላይ እሺ ልልዎት ነበር" አለች ብርጭቆዋን እያየች። "አፌ ላይ ደርሶ ነበር።"

"ታዲያ ምነው አላልሽም? ዓመቱ ይቀርልን ነበር እኮ።"

"ሆዳም እንዳይሉኝ ብዬ።"

ሳቅሁ። ይህቺን የተረገመች ይሉኝታ ከእኔ በቀር ማን አስተማራት? ይቅር በይኝ ልላት ፈለግሁ፤ እሷ ግን ቀድማ መሳቅ ጀመረች፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። ያኔ የሻይ ሣጥኑ "ይደገም?" አለን። ሁለታችንም በአንድ አፍ "ኧረ ይበቃናል" አልን። ጢቅ። ብርጭቆዎቻችን ተጎትተው ገቡ፣ መብራቱም ጠፋ። ሻዩ ገና ግማሹ ነበር።

በጨለማው እንደተቀመጥን "ዓመቱ ሲሞላ የተዘጋው ሁሉ ይሰረዛል" አለች። "ያኔ እኔ ነኝ የምጠይቅዎት። እዚሁ፣ ሐሙስ። ግን ጋሼ፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ከጨመርኩ ፈቃዴን ይነጥቁኛል።"

"በመጀመሪያው እሺ እልሻለሁ።"

"እርስዎ?"

"እኔ።"

"ሆዳም ናቸው ይሉዎታል።"

"ይበሉኝ።"

ክንዴን ያዘችና፣ ሳትጠይቀኝ፣ ጠበቅ አድርጋ ለቀቀች። ምስክር ዝም አለ። ለዚህ ድምፅ ያልተሠራለት ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሲመጣ ኮሪደሬ ውስጥ እቆማለሁ። ጠባብ ነው፤ ዱላው ግድግዳውን ሁለት ቦታ ልጦታል። የጎረቤቶቼ በሮች ዝግ ናቸው፤ ድምፁ ምንድነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ክንዴ አያስጨንቀኝም፤ አነሳለሁ፣ እመታለሁ፣ ዱላው ዞሮ ጀርባዬ ላይ ያርፋል። የሚያስጨንቀኝ አፌ ነው። ሰባ ዓመት እንዲህ የተሠራ አፍ በአንድ ዓመት ይቃናል ወይ? የዛሬ ዓመት እዚያ ሣር ላይ ቆሜ "ኧረ አላስቸግርሽም" ብልስ? ሌሊት ይህን አስቤ የባነንኩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እለማመዳለሁ። ዱላው ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ጮክ ብዬ "እሺ" እላለሁ።

"ምንም ጥያቄ አልቀረበልዎትም" ይለኛል ምስክር።

እናቴ ብትሰማኝ "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" ብላ ትስቅብኝ ነበር። አውቃለሁ እለዋለሁ። ዱላውን አነሳለሁ፣ እመታለሁ፣ እስኪያልቅ እለቀዋለሁ። "እሺ።"

"ምንም ጥያቄ አልቀረበልዎትም።"